አምባሰል በወፍራሙ ክር

ደሴ ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር የጀመረ ልጅ መጀመሪያ የሚያጠናው ስኬል ብዙውን ጊዜ ከስልኩ ቪዲዮ ያገኘው ማይነር ፔንታቶኒክ ነው። በወፍራሙ፣ በስድስተኛው ክር ላይ ባዶውን፣ ቀጥሎ 3ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛና 10ኛ ፍሬት (አንገቱ ላይ የተሰለፉት የብረት መስመሮች) እየጫነ ሳምንት ሙሉ ይመላለስበታል። ጓዳ ሆና የምትሰማው እናቱ «ባቲ ነው እንዴ ልጄ?» ብትለው ትክክል ናት። መነሻውን ዶ ብንለው ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት፤ ድምፅ በድምፅ ባቲ ማይነር ነው። የሮክ ጊታር መግቢያ በር የሆነው ስኬል፣ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ወርደን በምናገኛት የሰኞ ገበያ ከተማ ስም የሚጠራው ቅኝት ነው። ልዩነቱ ዜማው የት እንደሚያርፍ፣ የቱ ድምፅ እንደሚርገበገብ፣ የቱ ደግሞ ነካ ተደርጎ እንደሚታለፍ ላይ ነው።

ኢንዲ ማለት በትልቅ አሳታሚ ጥላ ሥር ሳይገቡ በራስ ገንዘብና በራስ ጆሮ ሠርቶ ማውጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በዝኮክስ የተባለው የማንቸስተር ባንድ በተበደረው 500 ፓውንድ የመጀመሪያ አጭር ሸክላውን ራሱ አሳትሞ ሲያወጣ ብዙዎች መንገዱን ተከተሉት። ደሴ ያለ ሙዚቀኛ በዚህ በኩል ምርጫም የለው፤ ትልልቁ ስቱዲዮም አሳታሚም በአብዛኛው 400 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ነው ያለው። ስለዚህ በራሱ ወጪ መሥራቱ ብቻውን የተለየ አያደርገውም። የሚለየው እጁ የትኛውን ቅኝት ቤቱ እንዳደረገ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ከሚባሉት አራቱ ዋና ቅኝቶች ሁለቱ የወሎ አገር ስም የያዙ ናቸው። እዚህ ተወልዶ ጣዕሙን ከሩቅ መለመን አያስፈልግም ብዬ አምናለሁ።

በአምባሰል እንጀምር። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። መነሻውን ባዶው ስድስተኛ ክር ላይ ካደረግን ድምፆቹ ባዶው፣ 1ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛና 8ኛ ፍሬት ላይ ይገኛሉ፤ 12ኛው ላይ መነሻው በላይኛው ድምፅ ይመለሳል። ከባዶው ወደ 1ኛው ፍሬት ያለችው ግማሽ ድምፅ የአምባሰል ልብ ናት። ጣት ሲያርፍባት ዜማው የሚያዝን ይመስላል፤ ወደ ባዶው ሲመለስ ይረጋል። ከዚያ እስከ 5ኛው ፍሬት ድረስ ምንም የለም። ጀማሪው ያቺን ባዶ ቦታ ይፈራትና 3ኛውን ፍሬት ጣል ያደርግበታል፤ በዚያች ቅጽበት አምባሰሉ ይጠፋና የስፓኝ ጊታር የሚመስል ነገር ይቀራል። ክፍተቱ የቅኝቱ አካል ነው። ዝም ብሎ መዝለል ይለመዳል።

አሁን እጅን ሳናንቀሳቅስ ማረፊያውን ብቻ ከስድስተኛው ክር ወደ ባዶው አምስተኛ ክር እናዛውር። ድምፆቹ አንድም አልተቀየሩም። ግን አምስተኛው ክር ላይ ሲያርፉ ባዶው፣ 2ኛ፣ 3ኛ፣ 7ኛና 8ኛ ፍሬት ይሆናሉ፤ ይኸውም ትዝታ ማይነር ነው። ሁለቱ ቅኝቶች በአንድ ቤት የሚኖሩ፣ በተለያየ በር የሚገቡ ወንድምና እህት ናቸው። ለሮክ ባንድ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። የዘፈኑ አካል በአምባሰል ይሄድና አዝማቹ ላይ ቤዙ ብቻ ማረፊያውን ወደ አምስተኛው ክር ሲያዛውር፣ ጊታሩ ያንኑ ሐረግ እየደገመ ሰሚው ሌላ ክፍል ውስጥ ገብቶ ራሱን ያገኘዋል። ኮርድ መደራረብ ሳያስፈልግ።

ኮርድ ካነሳን አይቀር፣ ዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ ሆን ብሎ የሚያሻክረው መሣሪያ) ላይ ብዙ ባንድ የሚወድቅበት ቦታ እዚህ ነው። ሁለት ድምፅ አብረው በዲስቶርሽን ሲያልፉ ሰርኪዩቱ የድምራቸውንና የልዩነታቸውን ድምፅ ከራሱ ይጨምራል። ባዶው አምስተኛ ክር በሴኮንድ 110 ጊዜ፣ አምስተኛ ድምፁ (ከመነሻው ሰባት ፍሬት ከፍ ብሎ ያለው) ደግሞ ወደ 165 ጊዜ ይርገበገባል። ልዩነታቸው 55 ነው፤ ይኸውም የራሱ የመነሻው ድምፅ በታችኛው ኦክታቭ። ለዚህ ነው መነሻና አምስተኛ ብቻ ያለው ፓወር ኮርድ ሲጮህ ከሥሩ መሬት ያለው የሚመስለው። በአምስተኛው ምትክ ሜጀር ሦስተኛውን (አራት ፍሬት ከፍ ያለውን) ብንጨምር ግን 138.6 ይሆንና ልዩነቱ 28.6 ይመጣል፤ ከመነሻው ጋር ለመስማማት 27.5 መሆን ነበረበት። ያቺ ትንሽ ስህተት ናት ድምፁን ጭቃ የምታደርገው።

እንግዲህ ፓወር ኮርድ መነሻና አምስተኛ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ቅኝት የትኛው ድምፅ አምስተኛውን እዚያው ቅኝቱ ውስጥ ያገኛል? በትዝታ ሜጀር አራቱ ያገኛሉ፤ ሚ ብቻ ትቀራለች። በባቲ ማይነርም አራት፤ የምትቀረው ሶል ናት። በአምባሰል ሦስት ብቻ፦ ዶ፣ ሬ ፍላትና ፋ። ጊታሩ ላይ ባዶው ስድስተኛ ክር፣ የእሱ 1ኛ ፍሬትና ባዶው አምስተኛ ክር ማለት ነው። ሦስቱም ከእጅ በታች ናቸው። ሶል ላይ ፓወር ኮርድ የሚጭን ሰው ሬን ይጠራል፤ አምባሰል ውስጥ ሬ የለችም፤ ዘፋኟ ሬ ፍላት ስትል ጊታሩ ሬ ይላል፤ መድረክ ላይ «ማን ነው ቅኝቱን የሳተው?» የሚያስብለው ይኸው ነው። ስለዚህ በሶልና በላ ፍላት ላይ ነጠላ ድምፅ ወይም ኦክታቭ ብቻ ይመታል። ዲስቶርሽኑም ይቀነሳል። ዲስቶርሽኑን የሚጨምረው የጌይን ቁልፍ ከግማሽ በላይ ሲሄድ ግማሽ ድምፆቹ እየተጋጩ ዜማው አይለይም፤ ብዙውን ጊዜ ሲሶ ላይ ይበቃል። የቀረውን ክብደት ቤዙና ድራሙ ይሸከሙት።

ስለ ጣዕም ሲወራ ሰው የሚጠብቀው የባንድ ስም ዝርዝር ነው። እኔ የማስቀድመው ማሪቱ ለገሰን ነው። ከድምጿ የሚማረው ጊታሪስት ከየትኛውም ሶሎ በላይ ይማራል። አካሄዱም እንዲህ ነው፦ ቅጂውን ፍጥነት መቀነሻ ባለው አፕ ድምፁ ሳይወፍር 70 በመቶ ላይ ማድረግ፤ አንድ ሐረግ ብቻ ቆርጦ ማዟዟር፤ ጊታሩን ሳይነኩ ሐረጉን በአፍ ማዜም፤ ከዚያ ነው ክር ላይ መፈለግ። ከክሩ የጀመረ ሰው የሚያገኘው ፍሬቶቹን ነው፤ ከአፉ የጀመረ ሰው ትንፋሿ የት እንደሚቆረጥም ያገኛል። እሷ የምታርገበግበውን ድምፅ በጣት ለማምጣት ክሩን ወደ ላይ ሳይገፉ እዚያው ፍሬቱ ላይ ጣትን በፍጥነት ማንሳትና መመለስ ይቀርባታል። የሮክ ሰፊ ቫይብራቶ ከአምባሰል ጋር አይዋደድም።

ከአገር ውስጥ ጊታር፣ የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ሰላም ሥዩም ዜማውን ሳይረግጥ በመሀል በመሀል የሚያስገባት አጭር መልስ ትምህርት ቤት ናት። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው አልበሙ በአማርኛ ከባድ ሮክ እንደሚሆን ለብዙ ወጣት አሳይቷል። ከውጭ ደግሞ የሆላንዱ ባንድ ዘ ኤክስ ከሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት አልበም አለ። ጊታሮቹ እዚያ ላይ ኮርድ አያነጥፉም፤ እንደ ከበሮ ይመታሉ፤ ዜማውን ለጌታቸው ይተዉለታል። ይህ ልቅነት አይደለም፤ ጌታቸው የሚነፋውን አድምጠው ነው የሚመቱት። ቅኝትን አክብሮ መጮህ እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ሌላው ሶኒክ ዩዝ የተባለው ባንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኒው ዮርክ ላይ ብዙ ጊታር ይዘው መድረክ ይወጡ የነበረው እያንዳንዱን ለየዘፈኑ በተለየ መንገድ ስለሚቃኙት ነበር። ከእነሱ በፊት የቬልቬት አንደርግራውንዱ ሉ ሪድ ሁሉንም ክር በአንድ ድምፅ ቃኝቶ ተጫውቷል። ለሮክ ዓለም ይህ አዲስ ሐሳብ ነበር። ለክራር ግን የዕለት ሥራ ነው፤ ደርዳሪው ከትዝታ ወደ አምባሰል ሲሻገር ክሮቹን ይቃኛል እንጂ ጣቱን አያወሳስብም።

እና ጊታሩን እንደ ክራር ብንቃኘውስ? ይቻላል፤ ደግሞም በጣም ትንሽ ነው የሚነካው። ከተለመደው የጊታር ቅኝት (ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ) ተነስተን አራተኛውን ክር አንድ ሙሉ ድምፅ እናወርዳለን፤ ሦስተኛውንም እንዲሁ። ሌላው አይነካም። አሁን ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ያሉት ባዶ ክሮች በፊደል ስማቸው ኢ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ቢ፣ ኢ ናቸው። አምስቱም የአምባሰል ድምፆች ምንም ፍሬት ሳይጫን ባዶ ክር ላይ ቀርተዋል፤ ስድስተኛው ክር የመነሻው ኦክታቭ ነው፤ ልክ ባለ ስድስት ክር ክራር ላይ እንዳለው። ቀኝ እጅ መደርደርም መግረፍም ይችላል። ለግርፉ ክራር ገራፊዎች የሚያደርጉትን ማድረግ ነው፤ በግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ነካ አድርጎ ማፈን፣ በቀኝ እጅ ሁሉንም መግረፍ። የታፈኑት እንደ ከበሮ ይንኳኳሉ፤ ነጻ የሆኑት ዜማውን ይላሉ። በትንሽ ዲስቶርሽንና ድምፅን ዘግይቶ በሚደግመው ዲሌይ ይህ ድምፅ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነው።

ጥንቃቄው ሁለት ነው። የወረዱት ክሮች ስለሚላሉ ጠንክረው ሲመቱ ድምፃቸው ለአፍታ ሽቅብ ይወጣና ከቅኝት የወጣ ይመስላል፤ ስለዚህ ወይ ቀለል አድርጎ መምታት፣ ወይም ሦስተኛውን ክር በውፍረት ቁጥሩ ከ17 ወደ 18 ከፍ ማድረግ። ሁለተኛ፣ ተንሳፋፊ ብሪጅ ያለው ጊታር ላይ ሁለት ክር ሲላላ ስፕሪንጉ ብሪጁን ወደ ኋላ ይስበዋል፤ የቀሩት አራት ክሮች ድምፅ ሽቅብ ይወጣል። አንድ ዙር ቃኝቶ መተው አይበቃም፤ ሦስት አራት ዙር ይቃኛል። ቋሚ ብሪጅ ያለው ጊታር እዚህ ላይ እፎይታ ነው።

ዲሌይ ካልኩ አይቀር፣ በስድስት ስምንተኛ ለሚሄደው ቺክቺካ ምት አንድ ስሌት አለ። ዋናው ምት በደቂቃ 80 ከሆነ እያንዳንዱ ምት 750 ሚሊ ሴኮንድ ነው፤ ሦስት ቦታ ሲከፈል ትንሹ 250 ይሆናል። ዲሌዩን 250 ላይ ካደረግነው ምቱን ብቻ ያጎላል። 500 ላይ ካደረግነው ግን ሁለት ምት ባለበት ቦታ ሦስት ጊዜ ይመልሳል፤ ሦስቱ ከሁለቱ ጋር እየተሻሙ ያ የምናውቀው መንገዳገድ ይመጣል። ስትቀዱም ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው ስድስት ስምንተኛ ላይ አድርጉት። አራት አራተኛ ላይ ትታችሁ በጆሮ ብትከተሉት በኋላ መቁረጥና መገጣጠም ያስቸግራል።

ወደ ቤት ውስጥ እንግባ፤ ምክንያቱም ደሴ ላይ የባንዱ ሥራ ግማሹ የሚሠራው መኝታ ክፍል ውስጥ ነው። ክረምት ላይ፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ማይክ አያስከፍትም። ዝናቡን መታገል የለብንም፤ ሥራውን መከፋፈል ነው። ሲዘንብ ጊታርና ቤዝ በኬብል ቀጥታ ወደ ኦዲዮ ኢንተርፌሱ (ድምፁን ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባው ሳጥን) ይቀዳሉ፤ ማይክ የሚፈልገው ነገር ሁሉ፣ ድምፅ፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ከበሮ፣ ሲያባራ ይሠራል። ድምፅ ለመቅዳት የሌሊቱ ጸጥታ ይመረጣል፤ ከተማው የሁለት እምነት ከተማ ነውና የሱብሂ አዛን የሚጀምርበትን ሰዓትና ማኅሌት የሚቆምበትን ሌሊት አስቀድሞ ማወቅ የዚህ ሥራ አካል ነው።

ክፍሉን ለማድረቅ ውድ ስፖንጅ አያስፈልግም። ከባድ የሱፍ ባና ካለ እሱን የሚያህል የለም። ግድግዳው ላይ አጣብቆ መስቀል ግን ግማሽ ጥቅሙን ያባክናል፤ ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ በገመድ ሲሰቀል በጣም የተሻለ ይመጥጣል። ዘፋኙ ጀርባውን ለባናው ይሰጣል፤ ማይኩ ከሚሰማው የክፍሉ ድምፅ አብዛኛው ከዘፋኙ ኋላ ካለው ግድግዳ ነው የሚመለሰው። ባና የሚውጠው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ወፍራሙን አይነካም። ለቤዝ ጥግ ላይ የተጠቀለለ ፍራሽ ማቆም ይረዳል፤ ከምንም ይሻላል እንጂ ተአምር አይሠራም።

ቅጂው 24 ቢት፣ 48 ኪሎ ኸርዝ ላይ ይሁን። ከፍተኛው ጩኸት ከዜሮ በታች ከ12 እስከ 6 ዲሲቤል ባለው መካከል ይቆይ። ቀዩን እስኪነካ ማስጮህ የካሴት ዘመን ልማድ ነው፤ ዲጂታል ላይ የተሰበረ ድምፅ አይጠገንም። በፈር (ኮምፒዩተሩ ድምፁን በአንዴ የሚያጠራቅምበት መጠን) ሲቀዳ 128፣ ሲሚክስ 1024። 128 ማለት ወደ 2.7 ሚሊ ሴኮንድ መዘግየት ነው፤ 1024 ላይ 21 ይደርስና ተጫዋቹ ከራሱ ድምፅ ኋላ እየቀረ ምቱ ይጠፋበታል። አምፕ በማይክ የሚቀዳ ከሆነ ማይኩን ከስፒከሩ ጨርቅ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር አስጠግቶ፣ መሀል ያለው ክብ ከወረቀቱ የሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ማነጣጠር ነው። ወደ መሀል በገባ ቁጥር ይቀጥናል፣ ወደ ዳር በወጣ ቁጥር ይደበዝዛል። የጣት ስፋት ያህል ማዛወር ከየትኛውም ኢኳላይዘር በላይ ይለውጣል።

መብራት ሌላው ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ዘርዘር እላለሁ፣ ሰው የሚጎዳበት ስለሆነ። ጊታሩ ሲሰካ የሚሰማው «እምምም» 50 ኸርዝና የእሱ እጥፎች ናቸው። ክሩን በእጅ ሲነኩት ከቀነሰ ቤቱ ኧርዝ የሌለው ወይም መስመሩ የላላ ሊሆን ይችላል፤ ግን ደህና ኧርዝ ባለበት ቤትም ይህ ያጋጥማል። ከዚህ የባሰው፣ ጊታሩ በአንድ ሶኬት፣ ሳውንድ ሲስተሙ ከሌላ ክፍል በመጣ መስመር ሲሠራ ነው። በሁለቱ መካከል የቮልት ልዩነት ካለ፣ እጁ ክር የያዘ ዘፋኝ ከንፈሩ ማይኩን ሲነካ ይነዝረዋል። ቀላል ንዝረት ብሎ ማለፍ አይገባም፤ እርጥብ ወለል ላይ ገዳይ ነው። መድረክ ከመጀመሩ በፊት ሁሉንም ከአንድ ሶኬት በወጣ አንድ ደህና ማከፋፈያ ማብላት፤ ቴስተሩን ማይኩ ላይና የጊታሩ ብሪጅ ላይ ማድረግ፤ ካበራ ማንም እንዳይነካ። ጩኸት ለማጥፋት ብሎ የኧርዙን እግር መቁረጥ ፈጽሞ አይደረግም። ጩኸቱ ይጠፋል፤ መከላከያውም አብሮ ይጠፋል።

ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጣ አምፕ 110 ቮልት የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር 220 ላይ መሰካት ማቃጠል ነው። ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ከ100 እስከ 240 ካለ ብቻ ነው ቀጥታ የሚሰካው። ፔዳሎች አብዛኞቹ 9 ቮልት፣ መሀሉ ነጌቲቭ የሆነ ጫፍ ነው የሚፈልጉት፤ ገበያ ላይ ያለው ተራ አዳፕተር ብዙ ጊዜ መሀሉ ፖዘቲቭ ነው። ስእሉን ሳያዩ መሰካት ፔዳሉን ይገድላል። ተራ ዲስቶርሽን ከ10 ሚሊ አምፒር በታች ነው የሚበላው፤ ባትሪ ቢደረግለት ብዙ ይሄዳል፤ ዲጂታል ዲሌይ ግን ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ስለሚፈልግ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አንድ መልካም ነገር አለ፦ ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ሲሠራ ያ እምምታ አብሮ ስለሚጠፋ፣ ንጹህ ጊታር ለመቅዳት ጥሩው ሰዓት መብራት የጠፋበት ነው። ላፕቶፑን ሞልቶ መጠበቅ ብቻ።

ክራሩን ወደ ኤሌክትሪክ ለማምጣት ብዙ ወጪ የለውም። የሚያስፈልገው ከተበላሸ መጫወቻ ወይም ከደወል ሊወጣ የሚችል 27 ሚሊ ሜትር የናስ ፒዞ ዲስክ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር)፣ ጋሻ ያለው የማይክ ሽቦ፣ የጊታር ጃክ ሴቴና የብየዳ ካውያ ነው። የውስጡ ሽቦ ነጩ መሀል ላይ፣ የጋሻው ሽቦ ናሱ ዳር ላይ ይበየዳል። መሀሉ ላይ ካውያው ከሁለት ሴኮንድ በላይ ከቆየ ነጩ ሽፋን ይነሳና ዲስኩ ይሞታል። ከዚያ በኤሌክትሪክ ቴፕ ተሸፍኖ ብርኩማው አጠገብ ቆዳው ላይ ይለጠፋል። ድምፁ ቀጭንና ጣሳ የሚመስል ከሆነ ዲስኩ የተበላሸ አይምሰላችሁ፤ የሚክሰሩ መግቢያ አነሰበት ማለት ነው። አንድ ሜጋ ኦም የሆነ የጊታር መግቢያ ወይም ትንሽ ፕሪአምፕ ያስፈልገዋል፤ ከሌለ በጊታር ፔዳል አሳልፎ መሞከር ነው። ኬብሉ ከ3 ሜትር አይብለጥ። የክራሩ ሆድ ራሱ አስተጋቢ ስለሆነ ከስፒከሩ ፊት ሲቆም ይጮሃል፤ ተጫዋቹ ከስፒከሩ ጎን ይቀመጥ፤ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውም ይቀነስ።

ደሴና ኮምቦልቻ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን በሐረጎ ጠመዝማዛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ያስወጣል። አየሩ በዚያ ልክ ወደ 4 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። የብረት ክር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ኮምቦልቻ የተቃኘ ጊታር ደሴ ሲደርስ ሽቅብ ወጥቶ ይገኛል፤ በተቃራኒው ሲወርዱ ይላላል። የክራር ጅማት ደግሞ ከሙቀቱ በላይ እርጥበቱ ነው የሚያስቸግረው። ጊታሩ ከቦርሳው ሳይወጣ 20 ደቂቃ ይረፍ። ሲቃኝ ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ነው፤ ያለፈውን ድምፅ ወደ ታች ለመመለስ ቁልፉን ቀንሰው ከትክክለኛው በታች አውርደው እንደገና ማውጣት፤ ካልሆነ የቁልፉ ጥርስ ልል ሆኖ በሁለተኛው ዘፈን ክሩ ይወርዳል። ሲቃኝ «ጢን» እያለ የሚዘል ከሆነ ክሩ አንገቱ ጫፍ ያለው ቦይ ውስጥ ተይዟል። እርሳስ ቀርጾ ቦዩን ውስጥ ውስጡን መቀባት በቂ ነው። አዲስ ክርም ተገጥሞ ወዲያው መድረክ አይወጣም፤ 12ኛው ፍሬት ላይ ቀስ ብሎ እየሳቡ ሦስት አራት ጊዜ መልሶ መቃኘት አለ። ከጨዋታ በኋላ በደረቅ ጥጥ ጨርቅ ማበስ ዕድሜውን ያራዝማል።

እንጀራውስ? ሰርግ የሚበዛው በጥር ነው፤ ከፋሲካ በኋላም እንዲሁ። ሰርግ ላይ ግን አንድ ኪቦርድ ሙሉ ባንድ ስለሚተካ ጊታሪስት የሚጠራው ደጋሹ ራሱ ከፈለገ ነው። ብዙዎች ኪቦርድም፣ ሳውንድ ኪራይም፣ ማስተማርም ይደርባሉ። የሁዳዴው 55 ቀንና የረመዳን ወር መድረኩ ጭር የሚልበት ጊዜ ነው፤ የራስን ዘፈን ለመጻፍ ከዚያ የተሻለ ወቅት የለም።

ስንጽፍ የሚሳተው ነገር ማጥበቅና ማላላት ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ መኖርን ይናገራል። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ ያልደረሰ። የሮክ ዜማ አናባቢ መጎተት ይወዳል፤ ከሚጠብቀው ፊደል በፊት ያለው አናባቢ ሲጎተት ግን ጆሮ የላላውን ይሰማል፣ ትርጉሙ ይዞራል። መፍትሔው የሚጠብቀውን ፊደል ምቱ ላይ ማሳረፍ፣ ከፊቱ ያለውን ማሳጠር፣ መጎተቱን ከእሱ በኋላ ወዳለው አናባቢ መውሰድ ነው። ግጥሙ ሲያልቅ ሙዚቃ ሳይኖር ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ሲነበብ ያልተደናቀፈ ብቻ ይዘፈን።

አንቺሆዬን ለመጨረሻ ያቆየሁት ከባዱ እሱ ስለሆነ ነው። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ባዶው ስድስተኛ ክር ላይ ብንጀምር ባዶው፣ 1ኛ፣ 5ኛ፣ 6ኛና 9ኛ ፍሬት። አምስተኛውን እዚያው ቅኝቱ ውስጥ የሚያገኙት ሁለት ድምፆች ብቻ ናቸው፦ ፋና ሶል ፍላት፤ ማለትም ባዶው አምስተኛ ክርና 1ኛ ፍሬቱ። መነሻው ላይ ፓወር ኮርድ የለም። ሮክ የሚታወቀው መነሻው ላይ በመጮህ ነው፤ አንቺሆዬ ያንን አይፈቅድም። በዚያ ላይ ባህላዊ ተጫዋቾች የሚያሰሙት ሬ ፍላትና ሶል ፍላት ፍሬቱ ከሚሰጠው ጋር ልክ አይገጥሙም፤ ክሩን ጥቂት ገፍቶ በጆሮ መፈለግ ይጠይቃል።

ሊሠራ የሚችለው መንገድ በሁለት ጊታር ነው። አንደኛው ባዶውን ስድስተኛ ክርና የእሱን ኦክታቭ፣ አራተኛው ክር 2ኛ ፍሬት ላይ፣ አምስተኛውን ክር በጣት ጫፍ አፍኖ ያለ ዲስቶርሽን ይይዛል፤ ሥራው ማረፊያውን አለመልቀቅ ነው። ሁለተኛው ዲስቶርሽኑን ይከፍትና በፋና በሶል ፍላት መካከል ብቻ ይመላለሳል፤ ሐረጉ ሊያልቅ ሲል ዝም ይላል፤ መነሻው ላይ የሚያርፈው ንጹሁ ጊታርና የዘፋኙ ድምፅ ብቻ ይሆናል። ጩኸቱ በመሀል፣ ጸጥታው በማረፊያው። ቤዙ ከመጀመሪያው ጊታር ጋር ይሁን፤ ከሁለተኛው ጋር ከሄደ ጆሮ ፋን ማረፊያ አድርጎ ይወስድና አንቺሆዬው ይጠፋል። ከዚህ ውጭ ያገኘ ሰው ካለ ፍሬቶቹን ጽፎ ያስቀምጥልን።